የስሌንግ ቴንግ ሪዲም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪዲም ምንድን ነው?

ሪዲም «ሪትም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጃማይካውያን አፍ ተለውጦ የወጣ ስም ሲሆን፣ ባስና ከበሮ ምሰሶው የሆነውን፣ ድምፃዊ ሳይገባበት ተቀድቶ የተቀመጠውን አጀብ ያመለክታል። እኛ ዘንድ አንድ ቅንብር የአንድ ዘፈን ነው፤ ሌላ ድምፃዊ ያንኑ ቅጂ ወስዶ የራሱን ግጥምና ዜማ ቢያስገባበት ነገሩ በሽምግልና ካላለቀ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ጃማይካ ውስጥ ግን አጀቡ ከዘፈኑ ተለይቶ የራሱ ስም ይወጣለታል፤ አዘጋጁም ድምፃውያንን አንድ በአንድ እየጠራ በዚያው ቅጂ ላይ ያስዘፍናቸዋል።

ነገሩን ከትዝታ ጋር ማመሳሰል ይቻል ይሆናል፤ ትዝታን ማንም ይዘፍነዋል፣ የሚለየው ግጥሙና አወራረዱ ነው። ሆኖም ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ትዝታ ቅኝት በመሆኑ እያንዳንዱ ተጫዋች ክራሩን አንሥቶ እንደ አዲስ ይጫወተዋል፣ ሪዲም ግን ያው አንዱ ቅጂ ነው። ለምሳሌ በስሌንግ ቴንግ ሪዲም ላይ ጃማይካዊው ድምፃዊ ቴነር ሶው የዘፈነበት ባስ ሌላው ድምፃዊ ዌይን ስሚዝ ከዘፈነበት ባስ ጋር ተመሳሳይ ነው ማለት አይበቃም፤ እሱው ራሱ ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ?

መነሻው የ1960ዎቹ መጨረሻ ኪንግስተን ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚያሳትሙት እንደ ኮክሶን ዶድና ዱክ ሪድ ያሉ ሰዎች ራሳቸው የሳውንድ ሲስተም ባለቤቶች ነበሩ፤ ሳውንድ ሲስተም የሚባለው ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ በየግቢውና በየሜዳው ሕዝብ የሚያስጨፍር ተቋም ነው። በዱክ ሪድ ስቱዲዮ የተሠራ አንድ የፓራጎንስ ዘፈን በስሕተት የድምፃውያኑ ድምፅ ሳይገባበት ለሙከራ በሸክላ ተቆርጦ በጭፈራ ቦታ ሲሰማ፣ ተሰብሳቢው ግጥሙን ራሱ ተቀብሎ ስለዘፈነው፣ ከዚያ ወዲህ በሸክላው ጀርባ ባዶውን አጀብ «ቨርሽን» ብሎ ማተም የተለመደ ሆነ። በ1970 ዩ ሮይ በዚሁ የዱክ ሪድ አጀብ ላይ እየተናገረ የሠራቸው ሸክላዎች ገበያውን ተቈጣጠሩት። በ1974 ደግሞ ሩፒ ኤድዋርድስ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሪዲም ላይ ብቻ የተሠራ አልበም አወጣ።

ምክንያቱ ጥበብ ብቻ ነበር ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ለሙዚቀኞች የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ በቀረጻው ቀን ነበር፤ ቴፑ ግን ከአዘጋጁ ጋር ይቀራልና አዘጋጁ በዚያው ቴፕ ላይ ሃያ ዘፋኝ ቢያስዘፍን ተጨማሪ ወጪው የዘፋኙ ብቻ ነው። ድህነትና ብልሃት አብረው የወለዱት አሠራር ነው ቢባል እውነቱን ያቀርባል።

ስሌንግ ቴንግስ የትኛው ሪዲም ነው?

በ1984 መጨረሻ ተቀድቶ በ1985 ለሕዝብ የደረሰ፣ የጃማይካን ሙዚቃ ከባንድ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያሻገረ ሪዲም ነው። ስሙን ያገኘው ዌይን ስሚዝ «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» ብሎ ከዘፈነው የመጀመሪያው ዘፈን ነው። አዘጋጁ በወቅቱ ፕሪንስ ጃሚ ይባል የነበረው፣ ኋላ ኪንግ ጃሚ የተሰኘው ሎይድ ጄምስ ሲሆን፣ ስቱዲዮው ዋተርሃውስ በሚባለው የኪንግስተን ሠፈር በመኖሪያ ግቢው ውስጥ ነበር። ጃሚ ሙያውን የተማረው እዚያው ሠፈር ከነበረው ከታላቁ የድምፅ መሐንዲስ ከኪንግ ተቢ ነው። ዌይን ስሚዝም በ1965 የተወለደ የዚያው የዋተርሃውስ ልጅ ነበር።

ሙዚቃው የመጣው ከካሲዮ ኪቦርድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኖኤል ዴቪ የተባለው የስሚዝ ጓደኛ ካሲዮ ኤምቲ-40 የሚባል፣ 37 ትንንሽ የዜማ ቁልፎችና በግራ በኩል ተጨማሪ 15 የባስ ቁልፎች ያሉት፣ በጉልበት ላይ የሚቀመጥ የቤት ኪቦርድ ነበረው። የሪትም መምረጫውን ተንሸራታች «ሮክ» ላይ አድርጎ፣ ሲንክሮ የሚለውን ተጭኖ፣ ከባስ ቁልፎቹ መካከል ዲ የተባለችውን ኖታ ሲነኩ፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣውን ባስና ከበሮ በራሱ መጫወት ይጀምራል። ሁለቱ ወጣቶች ያገኙት ይህንን ነው። ባሱ ያለ ዕረፍት በእኩል እርምጃ ይረግጣል፤ ኮርዱ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል።

የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከበሮውን ለማሽኑ ሲተው ያየ ሰው ትዕይንቱን ለመገመት አይቸገርም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት የምንሰማው እንደ ማሟያ፣ ባንድ ለመቅጠር አቅም ባነሰበት ቦታ ነው። በዋተርሃውስ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ማሟያው ዋናውን ከወንበሩ አስነሣው።

ታዲያ ያንን ምት በኪቦርዱ ውስጥ ያስቀመጠው ማን ነው?

ኦኩዳ ሂሮኮ የተባለች ጃፓናዊት ናት። ኦኩዳ በኩኒታቺ የሙዚቃ ኮሌጅ የሙዚቃ ጥናት የተማረች ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በሬጌ ላይ ነበር። በ1980 ካሲዮ ተቀጥራ ከተሰጧት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በ1981 ለገበያ የቀረበው የኤምቲ-40 ምቶች ዝግጅት ነው። «ሮክ» ብላ ያስቀመጠችው ምት ከአንድ የ1959 የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን የተወሰደ ነው ተብሎ ለዓመታት ሲወራ ቆይቷል፤ እሷ ግን የእንግሊዝ ሮክ ብዙ ታዳምጥ እንደነበር ሳትደብቅ፣ የባሱን መስመር ራሷ እንደፈጠረችው ተናግራለች። ምቱ ጃማይካ ደርሶ ምን እንደሆነ የሰማችው ከዓመታት በኋላ የሙዚቃ መጽሔት ስታነብ ነው።

ሬጌ ስታዳምጥ የኖረች ሴት «ሮክ» ብላ የሠራችውን ምት ጃማይካውያን ሰምተው የራሳቸው ማድረጋቸውን አንዳንዶች እንደ አጋጣሚ ይቈጥሩታል። ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው አይመስለውም፤ ጆሮዋ የለመደው ነገር በጣቷ ወርዶ ይሆናል።

ምቱ ተዘጋጅቶ ከመጣ፣ የጃሚ ድርሻ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በንቀት መልክ ነውና በቂ መልስ ይገባዋል። ኤምቲ-40ውን አግኝቶ ቁልፏን የተጫነ ሰው የሚሰማው ስሌንግ ቴንግን አይደለም፤ ፈጠን ያለ፣ ቀጭን፣ መጫወቻ መጫወቻ የሚሸት ነገር ነው። ጃሚ ሲሰማው መጀመሪያ ያደረገው ፍጥነቱን መቀነስ ነበር፤ ቀጥሎ ፒያኖና ጭብጨባ ጨመረበት። ፍጥነቱ ሲቀንስ በኖታና በኖታ መካከል ክፍተት ተገኘ፣ ድምፃዊው የሚገባውም በዚያ ክፍተት ነው። ፒያኖው ደግሞ በምት መካከል ቈረጥ ቈረጥ እያለ ጃፓን ውስጥ የተሠራውን ምት የሬጌ አካሄድ አስያዘው።

ልዩነቱን ለማስተዋል ከዚያ በፊት የነበረውን መስማት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ የገነነው «ዋን ድሮፕ» የሚባለው የሬጌ አመታት ትልቁን ከበሮ በመጀመሪያው ምት ላይ ዝም አሰኝቶ በሦስተኛው ላይ ያወርደዋል፤ ሰው የሚወዛወዘው ያንን ባዶ ቦታ እየጠበቀ ነው። በስሌንግ ቴንግ ላይ ግን ባሱ ቦታ አይለቅም። ስለዚህ ድምፃዊው ከባንዱ ጋር መነጋገሩን ትቶ በሚሄድ ባቡር ላይ እንደ ተሳፈረ ሰው ሚዛኑን መጠበቅ ነበረበት።

ሕዝብ መጀመሪያ የሰማው የት ነው?

የካቲት ወር 1985፣ በ23ኛው ቀን፣ ኪንግስተን ውስጥ በዋልተም ፓርክ ሮድ የጃሚ ሳውንድ ሲስተምና ብላክ ስኮርፒዮ የተባለው ተፎካካሪው በተጋጠሙበት ሌሊት ነው። የሳውንድ ሲስተም ግጥሚያ ሁለት አዝማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው በግጥም ሲወራረፉ እንደ ማየት ያለ ነው፤ ዳኛው ሕዝቡ ነው፣ መሣሪያው ግን ሌላው ዘንድ የሌለ ሸክላ ነው። ጃሚ ደግሞ የያዘው አንድ ሸክላ ብቻ አልነበረም። በዚያ በማንም ዘንድ በማይታወቅ ሪዲም ላይ የተዘፈኑ ዘፈኖች በእጁ ነበሩ፤ አንዱ ሲያልቅ ያው ባስ በሌላ ድምፅ ይመለሳል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ኪንግስተን ውስጥ ሸክላ የሚያሳትም ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ መፈለግ ጀመረ።

በስሌንግ ቴንግ ላይ የዘፈኑት እነማን ናቸው?

በተለያዩ አገሮች ዳግመኛ የተሠሩት ሲጨመሩ ቍጥራቸው በመቶዎች ይገመታል። የጃሚን የመጀመሪያ ቅጂ በተመለከተ ግን ሦስቱን መለየት ይበቃል።

ዌይን ስሚዝ በ1982 በጃሚ አዘጋጅነት አልበም ያወጣ ቢሆንም ገና የሠፈር ስም የነበረው ወጣት ነው። ዘፈኑን የሠራው በጊዜው ሁለት ታዋቂ ዘፈኖች፣ ማለትም የባሪንግተን ሌቪና የየሎውማን፣ የከፈቱትን የግጥም ፈለግ ተከትሎ ሲሆን፣ ስሌንግ ቴንግ የሚለውም ጋንጃን የሚያመለክት የመንገድ ቃል ነው። ግጥሙ ጋንጃን ያወድሳል፣ ኮኬይንን ግን አልነካም ይላል፤ ኮኬይን በኪንግስተን መንደሮች መስፋፋት በጀመረበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። አዘፋፈኑ ረጋ ያለ ነው፣ ማሽኑን አይሽቀዳደመውም። ስሚዝ በየካቲት 2014 በ48 ዓመቱ ዐርፏል።

ቴነር ሶው በዚያው ባስ ላይ «ፓምፕኪን ቤሊ» የሚለውን ዘፈነ፤ የዱባ ሆድ ማለት ነው። ውሃ በዱባ ሆድ ውስጥ እንዴት ገባ የሚለውን የጃማይካ አባባል ይዞ በእንቆቅልሽ መልክ ይሄዳል። ድምፁ ከአፍንጫው የሚወጣ፣ ከባሱ በላይ ተንሳፍፎ የሚቆይና ከኖታው ትንሽ ዘንበል የሚል ነው፤ በዜማው ውስጥ የጸሎት ቤት መዝሙር ይሰማል። አንድ ሺህ ጊዜ የተሰማውን ሪዲም ወደ ሐዘን ሊያዞረው የቻለ ዘፋኝ ከእሱ ሌላ አልተገኘም ብሎ መናገር ማጋነን አይመስልም። በዚያው ዓመት ስታላግ በሚባለው የ1973 ሪዲም ላይ የሠራው «ሪንግ ዚ አላርም» ይበልጥ አስጠራው። በ1988 ገና ሃያዎቹን ሳይሻገር በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ ሞቶ ተገኘ።

ሦስተኛው ጆኒ ኦዝቦርን ነው። ኦዝቦርን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲዘፍን የኖረ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ለዐሥር ዓመት ያህል ኖሮ የተመለሰ፣ ለኮክሶን ዶድ ከሠራቸው አልበሞች አንዱ ዛሬም «ሩትስ» የሚባለው የሬጌ ዓይነት መለኪያ ተደርጎ የሚጠቀስ አንጋፋ ነበር። የማሽን ሙዚቃ ሲመጣ ብዙ የዕድሜ እኩዮቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ እሱ «በዲ ባይ» በሚል ዘፈን ገባበት፤ ግጥሙን ትቶ ቃላቱን እንደ ከበሮ ይመታቸዋል ቢባል ይቀላል። እነ ጆን ዌይንም በዚያው ሪዲም ላይ «ኮል ዘ ፖሊስ» ብለው ሠርተዋል። ጃሚ እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ሰብስቦ በዚያው በ1985 በስሌንግ ቴንግ ብቻ የተሞላ አልበም አውጥቷል።

በማሽን የተሠራ የመጀመሪያው የጃማይካ ሙዚቃ እሱ ነው?

አይደለም። የከበሮ ማሽን በቦብ ማርሌ የ1974 አልበም ላይ ሳይቀር ይሰማል፤ ከበሮ መቺው ስላይ ደንባርም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ብዙ ሠርቷል። ስሌንግ ቴንግን የሚለየው ባስ ጊታሩንም ከበሮ መቺውንም ጨርሶ ማስቀረቱ፣ ያለ እነሱም ኪንግስተንን ማስጨፈሩ ነው።

ሌሎቹ አዘጋጆችና ሙዚቀኞቹ እንዴት ተቀበሉት?

አዘጋጆቹ በደስታ፣ ሙዚቀኞቹ በምሬት። የጃሚ መምህር ኪንግ ተቢ በዚያው በ1985 አንተኒ ሬድ ሮዝን «ቴምፖ» የሚለውን በማሽን ሪዲም አዘፍኖ መለሰለት፤ የመምህሩ መልስ ከተማሪው ጥያቄ ይልቅ ጨለማና ከባድ ነው፣ ይህን ጽሑፍ ለሚያዘጋጀው ሰው ጆሮም ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ ስቱዲዮዎቹን ይዘው የነበሩት እንደ ሩትስ ራዲክስ ያሉ ባንዶች ግን ሥራቸው ቀነሰ፤ ለአንድ ሪዲም አምስትና ስድስት ሰው መቅጠር የነበረበት አዘጋጅ አሁን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ይበቃዋልና። ጊዜውን ቀድመው የተረዱት ስቲሊና ክሊቪ የተባሉት ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ማሽኑን ራሳቸው ተምረው የጃሚን ስቱዲዮ ዋና ተጫዋቾች ሆኑ፣ የ1980ዎቹን ሁለተኛ አጋማሽ ድምፅም በአብዛኛው እነሱ ሠሩት። ከዚህ የተወለደው የዳንስሆል፣ ማለትም የጃማይካ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ፣ ዓይነት «ራጋ» ተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቃሉ በጆኒ ራጋ ስም ሳይቀር የታወቀ ነው፤ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ ዋተርሃውስ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ባለመብቱ ማን ነው? ካሲዮ አልከሰሰም?

ካሲዮ ክፍያ አልጠየቀም። ኪቦርዱን የገዛ ሰው በውስጡ ባለው ምት ሙዚቃ ቢሠራ መሣሪያው ለተሠራበት ዓላማ አዋለው እንጂ ሰረቀ አይባልም የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ትክክል ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ በዋተርሃውስ ግቢ ውስጥ ያለው ነው፦ ኪቦርዱ የዴቪ፣ ድምፁና ግጥሙ የስሚዝ፣ ቀረጻውና ቅንብሩ የጃሚ። ሸክላው የሚወጣው በአዘጋጁ ስም ስለነበር የጃሚ ስም ከሁሉ ልቆ ቀረ፣ የስሚዝ ስም ከዘፈኑ ጋር ይነሣል፣ የዴቪ ግን ብዙም አይሰማም። አንድ ሰው ብቻ ፈጠረው የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ በጥርጣሬ አንብቡት።

ከጃማይካ ውጭስ ተሰምቷል?

በ1991 ኤስኤል2 የተባሉ እንግሊዛውያን የዌይን ስሚዝን ድምፅ ቈርጠው ፈጣን የጭፈራ ሙዚቃ ሠሩበት፤ ከዚያ ወዲህ «ጃንግል» በተባለው የእንግሊዝ የጭፈራ ሙዚቃ ውስጥም ሆነ በሂፕ ሆፕ ውስጥ ባሱ በየጊዜው ብቅ ይላል። በአንድ ሪዲም ብዙ ዘፋኝ የማሰለፉ አሠራር ራሱም እንደ ቀጠለ ነው። በ2003 የዓለም ሬዲዮ ሁሉ ሲያጫውታቸው የነበሩት የሾን ፖል «ጌት ቢዚ»፣ የዌይን ወንደር «ኖ ሌቲንግ ጎ» እና የሉሚዲ ዘፈን በአንድ አጀብ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እሱም ሌንኪ ማርስደን ያዘጋጀው፣ በጭብጨባ የተሞላው ዲዋሊ ሪዲም ነው። ሦስቱንም ያኔ እየሰማ አጀባቸው አንድ መሆኑን ያላስተዋለ አንባቢ ዛሬ ተመልሶ ቢያዳምጣቸው ይገረማል።

ከአማርኛ ጋር የሚገናኝ ሪዲም አለ?

አለ፤ ስሌንግ ቴንግ ግን አይደለም። አቢሲኒያንስ የሚባሉት በርናርድ ኮሊንስና ሁለቱ የማኒንግ ወንድማማቾች በ1969 በኮክሶን ዶድ ስቱዲዮ «ሳታ ማሳጋና» የሚለውን ዘፈን ቀዱ። ዶድ ሳያሳትመው ስለቀረ ቴፑን ገዝተውት በ1971 በራሳቸው ማተሚያ አወጡት፤ አጀቡም «ሳታ» ተብሎ ቍጥር ስፍር የሌለው ዘፋኝ ተጠቅሞበታል። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮውን ቢጥል «አምላክ» እና «ሁልጊዜ» የሚሉትን ቃላት ይለያቸዋል። ርእሱ እኛ «ምስጋና ሰጠ» የምንለውን ገልብጦ፣ «ሰጠ ምስጋና» ብሎ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ያስቀመጠ ነው፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ፣ ከእምነታቸው ፍቅር የተነሣ ለብቻቸው የተማሩ ሰዎች ቃል መሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ግልባጭነቱ ነው። ስሌንግ ቴንግ እንዲህ ካለው ሙዚቃ ጋር ሲነጻጸር ስለ ጽዮን የሚያወራው የለውም፣ ዓይኑ በሠፈሩ ላይ ነው።

ለመስማት በምን ቅደም ተከተል ልጀምር?

መጀመሪያ የኤምቲ-40ን የሮክ ምት ብቻውን በኢንተርኔት ፈልጋችሁ ስሙት፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ቀጥሎ ዌይን ስሚዝን፣ ከእሱ ጆኒ ኦዝቦርንን፣ በመጨረሻ ቴነር ሶውን አድርጉ፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን ባስ በሚያሰማ ጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል፣ በስልኩ ባሱ ጠፍቶ የሚቀረው ጭብጨባው ብቻ ነውና። በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ድምፃዊው የመጀመሪያውን ቃል ከባሱ አንጻር የት ላይ እንደሚያስገባ ልብ በሉ። ከሦስቱ በኋላ በሸክላው ጀርባ ያለውን ቨርሽን ክፈቱና የቀረውን ቦታ በራሳችሁ ግጥም ሞክሩት፤ አማርኛም ይገባበታል፣ ፊደሉ ጠንከር ያለ ስለሆነ ከማሽኑ ጋር አይጣላም።